ስለ እንግሊዝኛው «ኳይት» (quite)፤ ሮብ ገበያ ለምታስተምር ለእኅቴ ልጅ

እናት ዓለም፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ጠናብሽ ወይስ ለመድሽው?

መልእክትሽ ደርሶኛል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪሽ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኳይት ማለት በጣም ማለት ነው ወይስ ትንሽ?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም መዝገበ ቃላት ብትገልጪ አንዱ መስመር «ሙሉ በሙሉ» ይላል፣ ዝቅ ብሎ ያለው መስመር ደግሞ «በመጠኑ» ይላል። «ጋሼ፣ ሁለቱ እንዴት አንድ ቃል ውስጥ ያድራሉ? ምን ብዬ ላስተምር?» ብለሻል። ልጁን አመስግኚልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር፣ ይህን ቃል በአንቺ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በባዮሎጂውም በጂኦግራፊውም መጽሐፍ ያገኙታል። አንቺ ያላስተካከልሽውን ደግሞ የባዮሎጂው መምህር አያስተካክልልሽም፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለበት።

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሌላ ምን ሥራ አለው? የሚመስለኝን በተራ ቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። ቁጥሩ እንዲመችሽ ያህል ነው እንጂ ሁሉም እኩል ይመዝናል ማለቴ አይደለም።

1. ቃሉን ከማስተማርሽ በፊት ጎረቤቱን አስተምሪ።

ኳይት ብቻውን ሲቆም ልክ የለውም። ልኩን የሚሰጠው አጠገቡ ያለው ቅጽል ነው። ቅጽል ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ደረጃ አለው፦ ቀዝቃዛ፣ ትልቅ፣ ጥሩ፣ ሀብታም። እኔ ያለሁበት ደብረ ማርቆስ ይበርዳል፤ ሮብ ገበያ ይብሳል፤ ጮቄ አናቱ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ግን አይጣል ነው። በእንዲህ ያለው ቅጽል ላይ ኳይት ሲመጣ መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። «ኳይት ኮልድ» ማለት ቀዝቀዝ ያለ፣ ጋቢ የሚያስደርብ ነገር ግን ጥርስ የማያንቀጫቅጭ ማለት ነው። ሌላው ዓይነት ቅጽል ደረጃ የለውም፦ ያለቀ፣ የሞተ፣ ባዶ፣ ትክክል፣ የማይቻል። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም። በዚህኛው ላይ ሲመጣ ኳይት «ጭራሽ»፣ «ፍጹም»፣ «ሙሉ በሙሉ» ይሆናል። «ኳይት ኢምፖሲብል» ያለሽ ሰው በሩን ዘግቶታል፤ ቆመሽ አትለማመጪው።

ሰሌዳውን ለሁለት ክፈይው። የትኛው ቃል በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ መለያው ቀላል ነው፦ ልጆቹ ቃሉን በአማርኛ ይመልሱትና ከፊቱ «ትንሽ» ይጨምሩበት። «ውሃው ትንሽ ቀዝቃዛ ነው» ሲሉ ማንም አይስቅም። «በሬው ትንሽ ሞቷል» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሳቁበትን ሁሉ በቀኝ በኩል ጻፊው። የቀኙን «ጭራሽ» እያልሽ አስነብቢያቸው፣ የግራውን «በመጠኑ»። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ እኔ አላውቅም፤ ወጪውም አንድ ጠመኔ ነው።

አንድ አፈንጋጭ አለ፤ «ዲፈረንት»። «ትንሽ የተለየ» ስለሚባል ልጆቹ ወደ ግራ ይሰዱታል። ከኳይት ጋር ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን ወገን ይይዛል። መጽሐፉ «ኳይት ዲፈረንት» ካለ ጭራሽ የተለየ፣ ሌላ ነገር ማለቱ ነው። ሁለት ነገሮችን እያነጻጸረ የሚያስተምር ምዕራፍ ውስጥ ይህችን «ትንሽ ይለያያሉ» ብሎ ያነበበ ልጅ ምዕራፉን በሙሉ ገልብጦ ነው የሚረዳው።

2. በአፋቸው ላይ ካለው ጀምሪ።

ልጆችሽ የግራውን ኳይት ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። ረዥም አለ፣ ረዘም ያለ አለ። ሩቅ አለ፣ ራቅ ያለ አለ። ቀይ አለ፣ ቀላ ያለ አለ። ብዙ አለ፣ በዛ ያለ አለ። እንግሊዞቹ ለዚህ ሌላ ቃል ከፊት ያቆማሉ፤ እኛ ቅጽሉን ራሱን ቀለል አድርገን «ያለ» እናስከትልበታለን። የእኛው ይበልጥ ያምራል ብል ለአገሬ ማድላት ይሆንብኛል፤ ግን ያምራል።

ሮብ ቀን ገበያ ይዘሻቸው ውጪ፤ ካልተመቸሽ ደግሞ ከገበያ የሰሙትን ጽፈው ይምጡ በያቸው። ድንቹ «ወደድ ብሏል» ይባላል፤ ገብሱ «ረከስ ብሏል» ይባላል። ጠጋ ብለሽ ካዳመጥሽ ግን አንድ ነገር ታስተውያለሽ፦ ሰው ይህን አነጋገር ለማሳነስ ብቻ አይጠቀምበትም። ፈረስ ሻጩ «ትንሽ ሸምገል ብሏል» ካለሽ ጥርሱን ሳታዪ አትክፈዪ፤ ፈረሱ አርጅቷል። ሽማግሌ ተሰብስቦ አንዱ «ከበድ ያለ ነገር ነው የመጣብን» ሲል ነገሩ ደም እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ «ከባድ» ያላለው ለጨዋነት ነው። እንግሊዙም እንዲሁ ነው። ቤቱ በውሃ ተጥለቅልቆ «ኳይት ዌት» ሊልሽ ይችላል። የእንግሊዝ ሰው ነገር አሳንሶ ይናገራል እየተባለ የሚወራው ጎጃም ላደገ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ የቤቱ ጠባይ ነው። ይህን ንገሪያቸው፤ ባዕድ ቋንቋ ላይ ያላቸው ፍርሃት ይቀላቸዋል።

3. የቀኙንም የግራውንም በአንድ ላይ የያዘ ቃል ከፈለጉ «ደህና»ን አሳዪያቸው።

«ልጁ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» ይህ መካከለኛ ነው፤ አልታመመም፣ አልከበረም። «አባቱ ደህና አድርጎ ገረፈው» ስንልስ? በመጠኑ ገረፈው ማለት ነው? ልጁን ጠይቂው! አላስተረፈውም ማለት ነው። «ዘንድሮ ደህና ገንዘብ አገኘ» ስንል ደግሞ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ማለታችን ነው። አንድ ቃል፣ ሦስት ልክ፤ ማንም ግን ተደናግሮ አያውቅም፣ ምክንያቱም ጎረቤቱን እያየን ነው የምንሰማው።

ነገሩ ከሥሩም ይመሳሰላል፤ ይህን ለጎበዞቹ ብቻ ንገሪያቸው፣ ለሁሉም ከነገርሽ የፈተና ጥያቄ ይመስላቸዋል። «ደህና» የመጣው ከግእዙ «ድኅነ» ነው፤ ዳነ፣ ከክፉ ተረፈ ማለት። ኳይት ደግሞ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ነው ወደ እንግሊዝኛ የገባው፤ መነሻው ያረፈ፣ ከዕዳ ነጻ የሆነ፣ ሒሳቡ የተዘጋ ነበር። ሒሳቡ የተዘጋ ነገር ሙሉ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ «ሙሉ በሙሉ» ሆነ። «በመጠኑ» የሚለው ፍቺ የመጣው ከዚያ ብዙ ዘመን ዘግይቶ ነው። መዝገበ ቃላትሽ ላይ «ሙሉ በሙሉ» ቀድሞ «በመጠኑ» ከታች የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታላቅና ታናሽ ናቸው። ታናሹ ዛሬ በየአፉ ይሰማል፤ ታላቁ ግን አልሞተም።

4. ሰምና ወርቅ ነው አትበያቸው።

የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ጎንጅ፣ ዋሸራና ደብረ ኤልያስ ያሉበት አገር ስለሆንን ሁለት ፍቺ ያለው ነገር ሁሉ ቅኔ ይመስለናል። ቅኔ ሁለቱን በአንድ አፍ ይላል፤ ሰሙም እዚያው ነው፣ ወርቁም እዚያው ነው፣ ባለቅኔውም ሁለቱንም አስቦታል። ኳይት እንዲያ አይደለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱን ብቻ ነው የሚለው፤ ሌላውን ፈልጎ የሚደክም ተማሪ የሌለ ወርቅ ይቆፍራል።

5. ማን ጻፈው ብለሽ ጠይቂ።

ይህ ብዙ አስተማሪ የሚዘለው ነው፤ አንቺ አትዝለዪው። የግራው ኳይት፣ ማለትም ደረጃ ካለው ቅጽል ጋር ያለው፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ አይደለም። እንግሊዝ «ኳይት ጉድ» ካለ ምንም አይልም፣ ያልፋል፣ ከዚህ የተሻለ አይቻለሁ ማለቱ ነው። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ካለ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል ማለቱ ነው፤ ለእሱ ወደ «ቬሪ» የተጠጋ ነው።

ይህ ልዩነት አገራችን ድረስ በሁለት በር ገብቷል። ብሪቲሽ ካውንስል ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ የእንግሊዞቹ መጻሕፍትም ተከትለው መጡ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። የመጀመሪያዎቹ ብቻ ከ270 ይበልጡ ነበር፤ ኃላፊያቸው ኋላ የአገሩ ሴናተር የሆነው ሀሪስ ዎፎርድ ነበር። አብዛኞቹ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። እናም የእኔ ዘመን ተማሪ እንግሊዝኛን ከእንግሊዝ መጽሐፍ በአሜሪካዊ አፍ ነው የተማረው። አሜሪካዊው አስተማሪያችን ድርሰታችን ግርጌ «ኳይት ጉድ» ብሎ የጻፈ ቀን ደብተራችንን እያሳየን ሰፈር ለሰፈር እንዞር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን እንግሊዛዊው መምህር ያችኑ ቃል በቀይ እስክርቢቶ ሲጽፍልን ግን ከአጠገቧ ያለው ውጤት «ሲ» ነበር። ቃሏ አልተለወጠችም፤ እጁ ነው የተለወጠ።

ዛሬ ይህ ተረት አይደለም። ተማሪዎችሽ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ተመርቀው፣ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ይጠይቃሉ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል። ኢትዮጵያዊ መምህር ለተማሪው አስቦ «ኳይት ጉድ ስቱደንት» ብሎ ቢጽፍና ደብዳቤው ለንደን ቢገባ፣ አንባቢው «መምህሩ የሚለው አጥቶ ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ያው ደብዳቤ ቦስተን ቢገባ ልጁን ላያስጥለው ይችላል። ስለዚህ ስታነቢ የጸሐፊውን አገር ጠይቂ፤ ራስሽ ስትጽፊ፣ በተለይ የሰው ዕድል ያለበት ወረቀት ላይ፣ ኳይትን ጭራሽ አታስገቢያት። ልጁ ያደረገውን ጻፊ፦ ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ፣ ምን ሠራ፣ ማንን አስጠና።

6. ጮክ ብለሽ አስነብቢ።

ጽሑፍ ላይ ያልለየው በድምፅ ይለያል። እንግሊዝ «ኳይት»ን ራሷን ጫን ብሎ፣ ድምፁን እንደ ማንሳት አድርጎ «ኳይት ጉድ…» ካለ፣ ቀጥሎ «ግን» ሊመጣ ነው። ጫናውን «ጉድ» ላይ ከጣለ ምስጋናው ከፍ ይላል። እኛም «ጥሩ ነውውው…» ብለን ስንጎትተውና «ጥሩ ነው!» ብለን ስንቆርጠው አንድ አይደለም። ሁለት ልጅ አስነሥተሽ ስለ አንድ ምግብ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይበል፤ የቀሩት የትኛው ምግቡን እንደወደደው ይፍረዱ። ሬዲዮ የሚያዳምጡ ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

7. ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ እነሱን በቃላቸው ይያዙ።

«ኖት ኳይት» የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ «አይደለም» የሚለውን ብቻ ሰምተው ያልፋሉ። ትርጉሙ ግን ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ትንሽ ጎደለው ነው። እንጀራው «ኖት ኳይት ሬዲ» ከሆነ ምጣዱ ላይ ነው፤ አክንባሎው ሊነሣ ነው። ገና ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ ነው ማለት አይደለም።

«ኳይት ኤ ፊው» ሁለተኛው ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። «ፊው» ጥቂት መሆኑን ስላስተማርናቸው «በጣም ጥቂት» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ የዚያ ተቃራኒ፣ በርካታ ማለት ነው። አማርኛችን ውስጥ ቁርጥ እሱን የመሰለ አለ፦ «ጥቂት የማይባሉ ሰዎች»። ጋዜጣና ዜና ላይ በየቀኑ ይሰሙታል። ይህን አንዴ ካሳየሻቸው ዳግመኛ አይስቱም። በዚያው ላይ «ኳይት ኤ ማን»ን ጨምሪላቸው፤ «ቀላል ሰው አይደለም» ማለት ነው። የቃሉን ቦታም ይዩ፤ ኳይት «ኤ»ን ቀድማ ነው የምትቆም።

ሦስተኛው ግስ ነው። «አይ ኳይት ላይክ ኢት» ያለ ሰው ደስ ይለኛል፣ ግን አልሞትለትም እያለ ነው። «አይ ኳይት አግሪ» ያለ ግን ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል። መውደድ ደረጃ አለው፤ መስማማት እዚህ ላይ እንደሌለው ተቆጥሯል። ቁጥር አንድን ያልረሳ ልጅ ይህንን ሳትነግሪው ይደርስበታል። እንግሊዝ ለነገርሽው ነገር «ኳይት» ብሎ ብቻውን ከመለሰልሽም «ልክ ነሽ» ማለቱ ነው፤ ቀጣዩን ቃል አትጠብቂ።

8. «ኳይት ቤተር»ን ተጠንቀቂ። ከሕመም ፈጽሞ ለዳነ ሰው ካልሆነ በቀር አይባልም። ይህ ቀሚስ ከዚያኛው «በጣም ይሻላል» ለማለት «ማች ቤተር» ይበሉ።

9. «ኳይት»ና «ኳየት» እየተምታቱ ይጻፋሉ። ኳየት (quiet) ዝምታ ነው፤ የመጨረሻዋ «ኢ» ቦታዋን ስለቀየረች ብቻ «ክፍሉ ዝም ያለ ነው» መባሉ ቀርቶ «ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ከአንድ ሥር የወጡ እኅትማማች ስለሆኑ መመሳሰላቸው አይገርምም። ለዚህ መድኃኒቱ ቃለ ጽሕፈት ነው፤ ምክር አያሻውም።

10. «ቬሪ»ንና «ቱ»ን ሳታጠሪ ኳይት ላይ ብዙ አትቆዪ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ በኳይት ምክንያት የተበላሸ ድርሰት ካየሁ በ«ቱ» የተበላሸ እጥፍ አይቻለሁ። የእኛ ልጆች «አይ አም ቱ ሀፒ» ይላሉ። ምክንያቱ አማርኛው ነው፤ «በጣም» ስንል ሁለቱንም ይዘንበት እንሄዳለን። «ሻዩ በጣም ትኩስ ነው» ያለሽ ሰው ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል፣ ወይም መጠጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ይለያል፦ ደስ ያለው «ቬሪ» ይላል፣ መጠጣት ያቃተው «ቱ» ይላል። «ቱ» ከልክ አልፏል፣ ስለዚህ አይሆንም የሚል ቅሬታ አለው። አማርኛችን ለዚህ ቃል አላጣም፤ «አለቅጥ» አለን፣ «ከመጠን በላይ» አለን፣ የምንጠቀምባቸው ግን ስንናደድ ብቻ ነው። ልጁ «አለቅጥ ደስ ብሎኛል» ብሎ ለሠርግ ደብዳቤ ይጽፍ እንደሆነ ጠይቂው። አይጽፍም።

የከተማ ልጆች ደግሞ ሰሞኑን «ቀላል ያምራል!» እያሉ በጣም ያምራል ማለት ጀምረዋል። ሽማግሌዎች ይቆጣሉ፤ እኔ አልቆጣም። ቃልን ገልብጦ ማጉላት በእነሱ አልተጀመረም፤ «ኳይት ኤ ፊው»ም የዚሁ ዘመድ ነው። ክፍል ውስጥ ብትጠቅሺው ነቃ ይላሉ።

11. ቁጥር ባለበት ቦታ የልክ ቃል አታስጽፊ።

አንዳንድ ልጅ ኳይትን የሚወዳት የተማረ ስለምታስመስል ነው። የፊዚክስ የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ «ውሃው ኳይት ሆት ሆነ» ብሎ ይጽፋል፤ ቴርሞ ሜትሩ ግን እጁ ላይ ነው። ዲግሪውን ይጻፍ። የጂኦግራፊ ድርሰት ላይ «ደብረ ማርቆስ ኳይት ሃይ ናት» ይላል። ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ምልክት ያደርግለት ነበር። ቁጥር ለማይገኝለት ነገር፣ ለደስታ፣ ለድካም፣ ለምግብ ጣዕም ኳይት ትጻፍ፤ እዚያ ቤቷ ነው።

12. ፈተና ስታወጪ ነጠላ ቃል አታቅርቢ። «የኳይት ትርጉም ምንድን ነው?» ብለሽ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከደረደርሽ ቁጥር አንድን ራስሽ አፈረስሽው። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ ስጪ፤ ከተቻለም ማን ለማን እንደተናገረው ጨምሪበት። ስታርሚም «ኳይት ፊኒሽድ»ን «ትንሽ አለቀ» ብሎ የተረጎመውን ልጅ ቶሎ ብለሽ በቀይ አትሰርዢበት። ጠርተሽ «እስኪ ትንሽ ያለቀ ጠላ አምጣልኝ» በይው። ከሳቀ ነጥቡን መልሺለት፤ ካልሳቀ ወደ ሰሌዳው መልሺውና ከ«በሬው» ጀምሪለት። ወደ ማርቆስ ስትወርጂ ደግሞ የልጆቹን ደብተር ጥቂቱን ይዘሽልኝ ነይ፤ የሳቱበትን ዓይነት ማየት እፈልጋለሁ፣ ከዚህ በላይ የምልሽ ካለኝ ከእሱ ነው የማገኘው።